የባንክ ብድር መክፈል ሲከብድ፦ በጅግጅጋና በሰሜናዊ የሶማሌ ክልል ከተሞች ለሚገኙ ተበዳሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

ከባንክ ብድር የወሰደ ሰው ገቢው ሲቀንስ ወይም ሲቋረጥ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ዝም ማለት ነው። ከባንኩ ሲደወልለት ስልክ አያነሣም፤ በቅርንጫፉ ደጃፍ ላለማለፍ መንገድ ይቀይራል፤ ዝናቡ ሲጥል ወይም ገበያው ሲቀና እከፍላለሁ እያለ ይጠብቃል። በዚህ መካከል የቅጣት ክፍያው ይጠራቀማል፤ ብድሩም በባንኩ መዝገብ ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው ዝቅ ይላል፤ በመጨረሻም የሐራጅ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ይህ ጽሑፍ በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በቀብሪበያህ፣ በሽንሌ፣ በኤረርና በአካባቢው ከተሞች የሚኖሩ ተበዳሪዎች ችግር ሲገጥማቸው ባንካቸውን ምን፣ መቼና እንዴት መጠየቅ እንደሚችሉ ያብራራል።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ሊሆን ይገባል። ደንበኛው ስለተቸገረ ብቻ ባንኩ ወለድን ወይም ቅጣትን እንዲምር የሚያስገድድ ሕግ የለም። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤታችንም ባንክን የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ይሁን እንጂ የተበላሸ ብድር ለባንኩም ኪሳራ ነው፤ ባንኩ ለእንዲህ ዓይነቱ ብድር ከትርፉ ቀንሶ መጠባበቂያ መያዝ ግዴታው ነው። በመሆኑም በጊዜ የቀረበና በማስረጃ የተደገፈ ጥያቄ ተቀባይነት የማግኘት ዕድል አለው። የዘገየ ጥያቄ ግን ምክንያቱ ምንም ያህል እውነተኛ ቢሆን ጉልበቱ ይቀንሳል።

ለዚህ ማሳያ የሚሆነው የኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም መንግሥት የግል ባንኮች ለተቸገሩ ደንበኞቻቸው የዕዳ እፎይታና ተጨማሪ ብድር እንዲሰጡ ለማስቻል በብሔራዊ ባንክ በኩል 15 ቢሊዮን ብር እንዲቀርብላቸው ወስኗል። ገንዘቡ የቀረበው ለባንኮች እንጂ ለተበዳሪዎች አልነበረም። ሀገር አቀፍ ውሳኔ በተላለፈበት ጊዜ እንኳ እፎይታው ወደ ደንበኛው የሚደርሰው በባንኩ በር በኩል ነው።

ሠላሳኛው እና ዘጠናኛው ቀን

ባንኮች ብድርን የሚመድቡት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ነው። በየወሩ ወይም በየተወሰነ ጊዜ የሚከፈል ብድር ክፍያው ከቀኑ 30 ቀን ሲያልፍ «ልዩ ትኩረት» በሚሻ ደረጃ ይመደባል። 90 ቀን ሲሞላው ደግሞ ከተበላሹ ብድሮች ጎራ ይገባል። ከዚያ በኋላ በ180 እና በ360 ቀናት ይበልጥ ዝቅ ይላል።

የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ለደንበኛ ሊያመቻች የሚችልበት ሰፊው ጊዜ ከመጀመሪያው ያልተከፈለ ወር በፊት ያለው እና እስከ 90ኛው ቀን የሚዘልቀው ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የብድር ማስመለሻ ክፍል ይሄዳል። ክፍሉ የሚያየው ፋይሉን እንጂ ደንበኛውን አይደለም። የተበላሸን ብድር መልሶ ለማዋቀርም ባንኮች ያልተከፈለው ወለድ አስቀድሞ እንዲከፈል ይጠይቃሉ። ገቢ ያጣ ሰው ይህን በአንድ ጊዜ ማሟላት ይቸገራል። መዘግየቱ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት ስለሚመዘገብም ሌሎች ባንኮች በቀጣይ የብድር ጥያቄው ላይ ያዩታል።

ስለዚህ ማመልከቻ የሚቀርበው መክፈል ካቃተ በኋላ ሳይሆን መክፈል እንደሚያቅት በታወቀ ጊዜ ነው። የቀጣዩ ወር ክፍያ እንደማይሞላ ያወቀ ነጋዴ በዚያው ሳምንት ወደ ቅርንጫፉ ቢሄድ ይመከራል።

በአካባቢው የሚያጋጥሙ ምክንያቶች

በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ዞኖች፣ በፋፈን እና በሲቲ፣ የችግሩ ምንጭ በአብዛኛው ከዝናብ፣ ከቁም እንስሳት ገበያ እና ከድንበር ንግድ ጋር የተያያዘ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በምሥራቅና በደቡብ ኢትዮጵያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ እንስሳት አልቀዋል፤ የተረፉትም ዋጋቸው ወርዷል። ቀደም ባለው ዘመን፣ በ1993 ዓ.ም መጀመሪያ፣ ሳውዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ምክንያት አድርጋ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገቡ የቁም እንስሳትን በማገዷ የበርበራ መስመር ንግድ ለዓመታት ተጎድቷል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም መጨረሻ በጅግጅጋ በተፈጠረው ሁከት የተዘረፉ ሱቆች ነበሩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ዕቃ በዶላር ዕዳ ያስመጣ ነጋዴ ክፍያው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጅግ ጨምሮበታል።

እነዚህን ማንሣት ያስፈለገው ባንኩ የሚመዝነው «ተቸግሬአለሁ» የሚለውን ቃል ሳይሆን ምክንያቱን ስለሆነ ነው። ምክንያቱ ጊዜያዊ ነው? ከደንበኛው ጥፋት ውጭ ነው? ገቢው የሚመለሰው መቼ ነው? የከረን ዝናብ ከሐምሌ ጀምሮ ይጠበቃል፤ ለሐጅ የሚላከው በግና ፍየል ደግሞ ከአረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት ይሸጣል። የእንስሳት ነጋዴ እነዚህን ቀናት በማመልከቻው ላይ በግልጽ ቢያስቀምጥ ባንኩ የሚመዝነው ተጨባጭ ነገር ያገኛል። የሐጅ ወቅት በየዓመቱ በ11 ቀናት ገደማ እየቀደመ እንደሚመጣም አይዘነጋ። የሦስት ዓመት ብድር መክፈያ ቀን በመጀመሪያው ዓመት ከገበያው ጋር ቢገጥም እንኳ ውሉ ሊያበቃ ሲቃረብ በሳምንታት ይዛነፋል። ይህም ቀኑ እንዲሸጋሸግ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው። በአንጻሩ በጉምሩክ የተወረሰ የኮንትሮባንድ ዕቃን እንደ ኪሳራ ማቅረብ ባንኩን አያሳምንም፤ ደንበኛውንም ለሌላ ጥያቄ ያጋልጠዋል።

የብድሩን ዓይነት ለይቶ መጠየቅ

በክልሉ ሁለት ዓይነት የባንክ አገልግሎት ጎን ለጎን ይሠራል። አንደኛው በወለድ ላይ የተመሠረተው መደበኛ ብድር ነው። ሁለተኛው ከወለድ ነፃ ፋይናንስ ሲሆን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በጅግጅጋ የሚገኘው የቀድሞው ሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስ፣ የአሁኑ ሸበሌ ባንክ፣ እንደ ዘምዘም ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች እና የመደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮቶች ይሰጡታል። ለሁለቱ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ዓይነት አይደለም።

በመደበኛ ብድር የእፎይታ ጊዜ ማግኘት ዕዳው ቆመ ማለት አይደለም፤ ወለዱ መቁጠሩን ይቀጥላል። ለምሳሌ ያህል ቀሪ ዕዳው 400,000 ብር፣ ዓመታዊ ወለዱ 18 በመቶ የሆነ ተበዳሪ በወር 6,000 ብር ወለድ ይታሰብበታል። የሦስት ወር ሙሉ እፎይታ ቢሰጠው 18,000 ብር ይጨመርበታል። ከቻለ በእነዚህ ወራት ወለዱን ብቻ እየከፈለ ዋናው ገንዘብ እንዲዘገይለት ቢጠይቅ ዕዳው ባለበት ይቆያል።

የቅጣት ክፍያን በተመለከተ አንድ ጥያቄ መቅረብ አለበት፦ ቅጣቱ የሚሰላው በተጓደለው ክፍያ ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ሁሉ ላይ? በምሳሌው ተበዳሪ ላይ የወሩ ክፍያ 25,000 ብር፣ ቅጣቱም በዓመት 3 በመቶ ቢሆን፣ በተጓደለው ክፍያ ላይ ሲሰላ በወር 62 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። በሙሉው ዕዳ ላይ ሲሰላ ግን 1,000 ብር ይደርሳል። መልሱ በውሉ ውስጥ ተጽፏል። የተሰላው ከውሉ ውጭ ከሆነ ደንበኛው የሚጠይቀው ምሕረት ሳይሆን እርማት ነው።

ከወለድ ነፃ በሆነው ፋይናንስ፣ በተለይ በሙራባሃ፣ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ለደንበኛው ይሸጣል፤ የሽያጩ ዋጋ በውሉ ዕለት ይቆረጣል። የ720,000 ብር ዕዳ የመክፈያው ጊዜ ስለተራዘመ ብቻ ከ720,000 ብር በላይ ሊሆን አይገባም፤ ጊዜን ተከትሎ የሚጨምር ዕዳ አገልግሎቱ የቆመበትን መርሕ ይጥሳል። ሆን ብሎ በሚያዘገይ ደንበኛ ላይ የሚጣል ቅጣትም በዘርፉ አሠራር የባንኩ ገቢ ሳይሆን ለበጎ አድራጎት የሚውል ነው። የመክፈል አቅም ያጣን ተበዳሪ እስኪመቸው መጠበቅ በእስልምና የታወቀ ትእዛዝ በመሆኑ አቅም ማጣቱን በማስረጃ ያሳየ ደንበኛ ቅጣቱ እንዲነሣለት ሲጠይቅ በአገልግሎቱ መርሕ ላይ ቆሞ ነው። የቅርንጫፉ መልስ ካላረካው ጥያቄው ለባንኩ የሸሪዓ አማካሪ ኮሚቴ እንዲቀርብለት ማመልከት ይችላል።

ማመልከቻው

ጥያቄው በጽሑፍ መቅረብ አለበት። የቅርንጫፉ ሠራተኛ በቃል «እሺ፣ ችግር የለውም» ማለቱ የቀናቱን ቆጠራ አያስቆምም፤ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ማስገባትም ብቻውን አያስቆመውም። ቆጠራውን የሚቀይረው የተፈረመ የውል ማሻሻያ ነው። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ቀንና የገቢ ቁጥር ተጽፎበት፣ ማኅተም ተደርጎበት ለአመልካቹ ይመለስ። የብድር ውሉ በማይረዳው ቋንቋ የተጻፈበት ደንበኛ አስቀድሞ በሶማሊኛ እንዲብራራለት ይጠይቅ። ይዘቱ ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ የሚከተለውን መምሰል ይችላል።

«ጉዳዩ፦ የብድር መክፈያ እንዲሸጋሸግልኝና ቅጣት እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ። በውል ቁጥር … የወሰድኩትን ብድር እስከ ታኅሣሥ ወር ድረስ በወቅቱ ስከፍል ቆይቻለሁ። የምተዳደረው በበግና ፍየል ንግድ ሲሆን በድርቁ ምክንያት ወርኃዊ ገቢዬ ከ60,000 ብር ወደ 22,000 ብር ወርዷል። ከዚህ ውስጥ 12,000 ብር ለቤተሰቤ ቀለብና ለቤት ኪራይ ይውላል። በመሆኑም ለሚቀጥሉት አራት ወራት በ25,000 ብር ፈንታ 10,000 ብር እንድከፍል፣ ልዩነቱ በብድሩ ማብቂያ ላይ እንዲታከል፣ ከጥር ወር ጀምሮ የታሰበብኝ ቅጣትም እንዲነሣልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጠኝም አመለክታለሁ።»

የዚህ ማመልከቻ ጥንካሬ መክፈል የሚቻለውን መጠን መጥቀሱ ነው። «ይታገዘኝ» ብቻ ከሚል ደብዳቤ ይልቅ 10,000 ብር እከፍላለሁ የሚል ደብዳቤ ይሻላል። ከእርሱ ጋር የስድስት ወር የሂሳብ መግለጫ፣ የገቢ መቀነሱን የሚያሳይ የሽያጭ መዝገብ ወይም የግብር ሰነድ፣ እንደ ሁኔታውም የቀበሌ፣ የፖሊስ ወይም የሕክምና ማስረጃ ይያያዛል። አርብቶ አደሮች የእንስሳት እልቂትን በተመለከተ ከወረዳው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የማረጋገጫ ደብዳቤ ማምጣት ይችላሉ።

በቡድን ዋስትና ከማይክሮ ፋይናንስ የተበደሩ ሴቶች ጉዳዩን አስቀድመው ለቡድናቸው ቢያሳውቁ ይመረጣል፤ የአንዷ መዘግየት የሌሎቹን ቀጣይ ብድር ሊያስቀር ይችላልና። በስልክ የሚወሰዱ አነስተኛ ብድሮችን በተመለከተ አበዳሪው ባንክ ወይም የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም እንጂ የቴሌኮም ድርጅቱ አይደለም። ማመልከቻውም ለአበዳሪው ይቀርባል።

ቼክ እና መያዣ

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ቼክ ነው። ጊዜ ለማግኘት ሲባል ለአበዳሪ ወይም ለዕቃ አቅራቢ በሂሳቡ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ሲሆን ቅጣቱም እስራት ነው። ዕዳ አለመክፈል በራሱ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ስንቅ የሌለው ቼክ ግን ጉዳዩን ወደ ወንጀል ይለውጠዋል። ባንኩ የጠየቀው ማራዘሚያ እስኪፈቀድ ድረስ «ለመያዣ ብቻ ነው» ተብሎ የሚጠየቅ ቼክ አለመፈረም ይመከራል።

ቤት ወይም ሕንፃ በመያዣ ለሰጠ ተበዳሪ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ወሳኝ ነው። በውሉ ይህን የሚፈቅድ ስምምነት ያለው ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሥርዓቱን ጥሶ ጉዳት ካደረሰም በካሣ ይጠየቃል። እነዚህ 30 ቀናት ለመጨረሻ ድርድር የቀሩ ቀናት ናቸው። ማስጠንቀቂያው የደረሰው ሰው ንብረቱን ራሱ ገዢ ፈልጎ ለመሸጥ ባንኩን በጽሑፍ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል፤ በፈቃድ የሚደረግ ሽያጭ አብዛኛውን ጊዜ ከሐራጅ የተሻለ ዋጋ ያስገኛል። ማስጠንቀቂያው የተላከበትን አድራሻ ማረጋገጥም ያስፈልጋል፤ ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ ወይም ወደ ድሬዳዋ የተዛወረ ደንበኛ አዲሱን አድራሻውን ለባንኩ ካላስመዘገበ ደብዳቤው በማይኖርበት ቤት ይደርሳል።

ባንኩ መልስ ካልሰጠ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ባወጣው የፋይናንስ አገልግሎት ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ቁጥር ኤፍ.ሲ.ፒ/01/2020 መሠረት ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ክፍያዎቻቸውን ለደንበኛ የማሳወቅ እና ቅሬታ የሚያስተናግዱበት ሥርዓት የመዘርጋት ግዴታ አለባቸው። ቅሬታ አስቀድሞ የሚቀርበው ለራሱ ለባንኩ ነው፤ በቅርንጫፉ ካልተፈታ ለዋናው መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል ይቀጥላል። ከዚያም ካልተፈታ ለብሔራዊ ባንክ ሊቀርብ ይችላል። ብሔራዊ ባንክ ማራዘሚያ ስለተከለከለ ብቻ ባንኩን አያስገድድም፤ ያልተነገረ ክፍያ፣ ከውል ውጭ የተሰላ ቅጣት ወይም መልስ የተነፈገው ማመልከቻ ሲኖር ግን የሚመለከተው ጉዳይ ነው። አቤቱታ አቅራቢው የብድር ውሉን፣ የሂሳብ መግለጫውን እና ማኅተም ያረፈበትን የማመልከቻ ቅጂ አያይዞ ማቅረብ ይኖርበታል።