አስተማሪው፣ ተማሪዋና የፊታውራሪው ቤት

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ሰምቶታል። በዛብህና ሰብለ ወንጌል የተገናኙት ግን በሥራ ምክንያት መሆኑን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በዛብህ ቅኔ የተማረ የድሀ ልጅ ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ልጃቸውን ሊያስተምር ነው። በዛሬ አነጋገር እሱ ተቀጣሪ፣ እሳቸው አሠሪ፣ ቤታቸው ደግሞ የሥራ ቦታ ነው።

ሀዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1957፣ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጥተው ነበር። ስለዚህ የፊታውራሪውና የገበሬዎቹ ጠብ ለጊዜው አንባቢ የሩቅ ዘመን ወሬ አልነበረም። ደራሲውም በዘር መኩራራትን አይምሩትም። የሰብለን ጠያቂዎች በዘር እየመዘኑ የሚመልሱትን አባት ያሳዩናል፤ ልማዱን የሚተቸውን ሰውዬ ደግሞ አገሩ «ጉዱ ካሣ» ይለዋል።

አስተማሪ ተማሪውን ሲያፈቅርስ? እዚህ ላይ መጽሐፉ ብዙም አይጨነቅም። ዛሬ ጎንደር ወይም መካነ ብርሃን የምትማር ልጅ ገጹን አጥፋ «አስተማሪዋ አይደል እንዴ?» ብትል አይገርመኝም። ጥያቄዋ ልክ ነው፤ መልሱ ግን ቀላል አይደለም። ዕውቀቱ ያለው በሱ እጅ ነው። እሷ ደግሞ የጌታ ልጅ ናት፤ ነገሩ ቢታወቅ ሕይወቱ አደጋ ላይ የሚወድቀው እሱ ነው። እሷም ብትሆን ማንን እንደምታገባ የሚወስኑት አባቷ ናቸው። ሁለቱም በአንድ በኩል ብርቱ፣ በሌላው ደካማ ናቸው። ዋናው ሥልጣን ከአባትየው እጅ አልወጣም። እኔ እንደማየው ዛሬም መጽሐፉን የሚያስነብበው ይሄ ነው።

ሕጉስ? መጽሐፉ ሲወጣ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዕድሜውን 18 አደረገው። በሥራ ቦታ የሚደርስ ወሲባዊ ትንኮሳን ደግሞ በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በግልጽ ከልክሏል። ሰው ቤት ተቀጥራ የምታበስለውንና የምታጸዳውን ልጅ ግን ይኸው አዋጅ አይሸፍናትም።