ስሙ የማን ነበር? የኦፕንኦፊስ ለሁለት መከፈል



ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ በኦክቶበር 2010 በኢንተርኔት በጽሑፍ የተካሄደ አንድ ስብሰባ ነው (ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በዚያ ስብሰባ የኦራክል ተቀጣሪ የሆኑ የኦፕንኦፊስ ማኅበረሰብ ምክር ቤት አባላት፣ አዲሱን ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የተቀላቀሉ ባልደረቦቻቸውን የጥቅም ግጭት አለባችሁ በማለት ከምክር ቤቱ እንዲለቁ ጠየቁ። ጥያቄው እንግዳ ነው። ምክር ቤቱ የተቋቋመው ማኅበረሰቡን እንዲወክል እንጂ ኩባንያውን እንዲወክል አልነበረም። ታዲያ ግጭቱ ከማን ጥቅም ጋር ነው?

መልሱን ለማግኘት ዐሥር ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1999 ስታርዲቪዥን የተባለውን የጀርመን ኩባንያ ገዛ፤ በ2000 ደግሞ የስታርኦፊስን የምንጭ ኮድ ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ያን ጊዜ ሥራውን የሚመራ ገለልተኛ ፋውንዴሽን እንደሚቋቋም ተነግሮ ነበር፤ ሳይቋቋም ቀረ። ኮድ የሚያበረክት ሰው የቅጂ መብቱን ከሰን ጋር የሚጋራበትን ውል ይፈርም ነበር። የንግድ ምልክቱ የሰን ነበር፤ ዋነኞቹ መሐንዲሶችም በሃምቡርግ የሰን ደመወዝተኞች ነበሩ። ምክር ቤቱ ይመክራል እንጂ የሚያዝበት ነገር አልነበረውም። አንዳንዶች ቢያጉረመርሙም ሰን ለዘብተኛ ጌታ ስለነበር ነገሩ ሳይፈነዳ ቆየ። ኦራክል በጃንዋሪ 2010 ሰንን ሲጠቀልል ግን ሥልጣኑ በእውነት የት እንደነበረ ታየ።

በሴፕቴምበር 28 ቀን 2010 በጎ ፈቃደኞቹ ፋውንዴሽኑን ሲያውጁ፣ ኦራክል እንዲቀላቀላቸውና ስሙን እንዲለግሳቸው ጋብዘውት ነበር። «ሊብሬኦፊስ» ያን ጊዜ ጊዜያዊ መጠሪያ ነበር። ኦራክል ግብዣውን አልተቀበለም፤ ጊዜያዊው ስምም ቋሚ ሆነ። ስሙን የያዘው ወገን ሰዎቹን አጣ። በኤፕሪል 2011 የወጣው ኡቡንቱ 11.04 ኦፕንኦፊስን በሊብሬኦፊስ ተካ፤ በዚያው ወር ኦራክል የንግድ ሥሪቱን ማቆሙን አስታወቀ፤ በጁን ኮዱንና ስሙን ለአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሰጠ። በፈቃዶቹ ልዩነት ምክንያት ሊብሬኦፊስ ከአፓቼ ኮድ መውሰድ ይችላል፤ አፓቼ ግን ከሊብሬኦፊስ መልሶ መውሰድ አይችልም።

ይህን ታሪክ የኩባንያና የነፃ ሰዎች ፍልሚያ አድርገው የሚተርኩትን በበኩሌ አልቀበልም። ከሊብሬኦፊስ ግንባር ቀደም ገንቢዎች ብዙዎቹ የኖቬልና የሬድ ሃት ተቀጣሪዎች ነበሩ። ልዩነቱ ያለው በደንቡ ላይ ነው፤ በ2012 በበርሊን በሕግ የተመሠረተው ፋውንዴሽን ከአንድ ቀጣሪ በሚመጡ የቦርድ አባላት ብዛት ላይ ገደብ አኑሯል። ያ ሁሉ ሙግት የተነሣበት ስም ግን ዛሬም በአፓቼ እጅ ይገኛል።