ሕመምተኛው መምህር፦ የዋርም ስፕሪንግስ የጧት ገንዳ

በውኃ ውስጥ የሚሠራ የሰውነት እንቅስቃሴ ዛሬ በየሆቴሉ ገንዳ የሚታይ ስለ ሆነ፥ የታሪክ ተማሪን የሚያስቸግር ነገር አይመስልም። እኛ ግን አንዱን ምዕራፉን፥ ይኸውም በአሜሪካ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር በዋርም ስፕሪንግስ የተደረገውን መርምረናል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፍራንክሊን ሩዝቬልት ገና ፕሬዚዳንት ሳይሆኑ፥ በ1921 ዓ.ም. በ39 ዓመታቸው፥ ሐኪሞች ልምሻ ባሉት በሽታ እግሮቻቸው ሰለሉ። በ1924 ወደ ዋርም ስፕሪንግስ ሄዱ። ሙቀቱ 31 ዲግሪ የሚያህለው ውኃ ሰውነትን ስለሚያቀልል፥ በመሬት ላይ መቆም የተሳናቸው ሰው እስከ ደረት በሚደርሰው ገንዳ ውስጥ ተራመዱ። ጋዜጣ ይህን ባወራ ጊዜ፥ በ1925 የጸደይ ወራት ሌሎች ሕመምተኞች ሳይጠሩ መጡ። የሆቴሉ እንግዶች በሽታው ይጋባብናል ብለው ስለ ፈሩም የተለየ ገንዳ ተሠራላቸው።

መምህራቸው ሩዝቬልት ራሳቸው ነበሩ፤ በቀልድም ራሳቸውን «ዶክተር» ይሉ ነበር። ኋላ እንደ ተረኩት፥ አንዲት ወፍራም ሴት እግራቸው እየተንሳፈፈ ከገንዳው ወለል አልደርስ አለ። መምህሩ አንዱን ጉልበት በኀይል ወደ ታች ገፍተው «ያዙት!» ይላሉ፤ ሁለተኛውን ሲገፉ የፊተኛው ተፈናጥሮ ይወጣል። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ይታገላሉ። ጸደዩ ሳያልቅ ግን ሁለቱም ጉልበቶች ባንድነት ወረዱ።

ውኃው ፈወሳቸው የሚለውን ወሬ አንቀበለውም። ሩዝቬልት በ1945 እስከ ሞቱ ድረስ ያለ ብረትና ያለ ደጋፊ አልተራመዱም። በእኛ አገር ወደ ፍል ውኃ የሚሄድ ሰው ተዘፍዝፎ ይወጣል፤ እነዚያ ግን የሠሩት ሥራ ነው። የደከመ ጡንቻ በመሬት ላይ የማይችለውን በውኃ ውስጥ ይለማመዳል፤ ደግሞም የሚያዝዘው ሰው እንደ እነርሱ ሽባ ሲሆን «አልችልም» ማለት ያሳፍራል። ይህ ሁለተኛው ምክንያት በሐኪሞች መዝገብ ውስጥ ባይገኝም፥ ለእኛ ከመጀመሪያው አያንስም።

በ1926 ሩዝቬልት ከሀብታቸው አብዛኛውን አውጥተው ቦታውን ገዙ፤ ሐኪምና የሠለጠኑ አስተማሪዎች ተቀጠሩ፤ በ1927 ድርጅቱ በሕግ ቆመ።

ይሁን እንጂ ያልተጠሩትን የተቀበለው ገንዳ ለሁሉ አልተከፈተም። ጥቁር አሜሪካውያን ለሕክምና አይገቡበትም ነበር። ሩዝቬልት በ1938 ያቋቋሙት የልምሻ መከላከያ ማኅበር ገንዘብ ሰጥቶ፥ በ1941 በአላባማ በተስኪጊ ለእነርሱ የተለየ የሕክምና ቦታ ተከፈተ።