አዋጁ የማያውቀው ደንበኛ

«አምባሰል» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚመጣለት ቅኝቱ ነው። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ነው። ዘፈኑ በሚሰማበት ቤት ቢራ የምታቀርበው ልጅ ከዚያው ከአምባሰል ገጠር የመጣች ልትሆን ትችላለች። «የወሎ ቆንጆ» ብሎ የጀመረ ደንበኛ ውዳሴውን ሳይጨርስ እጁን ይሰድዳል።

የአስተናጋጅነት ታሪክ በዚያ አካባቢ ከመንገዱ ታሪክ አይለይም። ጣሊያን በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ አስመራ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሠራ። መንገዱ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀውን ሐይቅን፣ ቀጥሎም የአምባሰሏን ውጫሌን ያቋርጣል። (ውጫሌ በ1881ዱ ውል ስሟ ይነሣል እንጂ ስለ ቡና ቤቶቿ ማን ይጽፋል?) ሹፌር የሚያድርበት ከተማ ቡና ቤት ይፈልጋል፤ ቡና ቤቱ ደግሞ ሴት። በ1965 እና 66ቱ ረሃብ ከገጠር የወጣው ሕዝብ የተሰበሰበውም በዚሁ ጎዳና ዳር ነበር።

የድሮዋ የቡና ቤት ሴት ብዙውን ጊዜ ደመወዝ አልነበራትም። ከጓሮ አንድ ክፍል ይሰጣታል፣ በምትኩ መጠጥ ታሻሽጣለች፣ ኑሮዋ ከወንዶቹ ኪስ ነው። ባለቤቱ ቀጠርኳት ሳይሆን አስጠጋኋት ነበር የሚለው። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ሴቲቱ ከሚሸጠው ዕቃ ጋር ተቆጠረች።

ዛሬ ደመወዝ አለ፣ ትንሽ። የቀረውን የሚሞላው ጉርሻ ነው፤ ጉርሻውን የሚሰጠው ደግሞ ያው እጁን የሚሰድደው ሰው። በደላላ የገባች ልጅ ከተማው ውስጥ ዘመድም ዋስም የላትም፤ የምታድረውም እዚያው ነው። ብትከስ ምስክሮቿ የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ እነሱም እንጀራቸውን ይፈራሉ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ጥቃቱን የፈጸመው አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ይቻላል። መልካም። ለቅቃ የት ታድራለች የሚለውን ለጊዜው እንተወው። ግን አዋጁ የሚገዛው አሠሪንና ሠራተኛን ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ሁለቱንም አይደለም። በዚያው ዓመት ሰኔ ጄኔቭ ላይ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190ን ሲያጸድቅ፣ አብሮት የወጣው ምክረ ሐሳብ 206 ደንበኛን በስም ጠርቶ አንሥቷል።

የሆቴል ባለቤቶች «ደንበኛ እንዴት ይባረራል?» ይላሉ። ሂሳብ ሳይከፍል የሚወጣውን ግን እስከ በር ድረስ ሮጠው ይይዙታል።