ጂን መኖሩና ጂን መነበቡ፦ ከፓሪስ ባክቴሪያ እስከ ኢትዮጵያ ቡና

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሄዳችሁ ከአንዱ ጓሮ የቡና ዛፍ ብታገኙ፣ ሥሩም ቅጠሉም ፍሬውም ውስጥ ያለው ዲኤንኤ አንድ ነው። ካፌይን ለመሥራት የሚያስፈልጉት ጂኖች በሦስቱም ውስጥ አሉ። ካፌይኑን በብዛት የምታገኙት ግን በለጋ ቅጠሉና በፍሬው ነው፤ ሥሩ ውስጥ ከሞላ ጎደል የለም። መመሪያው አንድ ሆኖ ሳለ ሥራው ለምን ተለያየ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የመልሱ መሠረት እስኪገኝ ግን ወደ ሃያ አምስት ዓመት ፈጅቷል። ታሪኩ የሚጀምረው ከቡና ርቆ፣ ከባክቴሪያ ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

በ1940 አካባቢ ዣክ ሞኖ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ፓሪስ ውስጥ የባክቴሪያ እድገት ያጠና ነበር። ለባክቴሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ስኳር በአንድ ላይ አቀረበላቸው፦ ግሉኮስና በወተት ውስጥ የሚገኘውን ላክቶስ። ባክቴሪያዎቹ መጀመሪያ ግሉኮሱን ጨረሱ። ከዚያ እድገታቸው ለተወሰነ ጊዜ ቀጥ አለ። ቆይተው ደግሞ ላክቶሱን መብላት ጀመሩና እንደገና ማደግ ቀጠሉ።

ሞኖን ያስገረመችው መሐል ላይ ያለችው ቆይታ ናት። ባክቴሪያዎቹ ያኔ ሥራ ፈተው አልነበረም፤ ላክቶስ የሚሰባብረውን ኢንዛይም እየሠሩ ነበር። የኢንዛይሙ ጂን ከመጀመሪያውም በውስጣቸው ነበረ። ግን ላክቶሱ እስኪያስፈልግ ድረስ ጂኑ አይነበብም ነበር ማለት ነው። ጂን ተነበበ ስንል፣ ከዲኤንኤው ላይ አርኤንኤ የሚባል ቅጂ ወጣለት ማለታችን ነው። ሴሉ ፕሮቲን የሚሠራው ያንን ቅጂ ይዞ ነው። ቅጂ ከሌለ ኢንዛይም የለም።

እኔ ምህንድስና ነው የተማርኩት፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ስሰማ ቶሎ የሚመጣብኝ ጥያቄ «ማብሪያ ማጥፊያው የታለ?» የሚል ነው። ሞኖና የሥራ ባልደረባው ፍራንስዋ ዣኮብም የፈለጉት ይህንኑ ነበር። በ1961 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዲህ አሉ፦ ከጂኑ መነሻ አጠገብ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ አለች፤ እሷ ላይ አንድ አጋጅ ነገር ይቀመጥና ንባቡን ይከለክላል፤ ላክቶስ ሲመጣ አጋጁ ይነሳል። ይህን አጋጅ «ሪፕሬሰር» አሉት። ከምን እንደተሠራ ግን አልያዙትም፤ ግምታቸውም አርኤንኤ ሳይሆን አይቀርም የሚል ነበር።

በ1965 ሁለቱ ከአንድሬ ልዎፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የሚገርመው ያን ጊዜ ሪፕሬሰርን ለይቶ ያወጣ ሰው ገና አልነበረም! የወጣው በ1966 ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ሃርቫርድ፣ ዋልተር ጊልበርትና ቤኖ ሙለር-ሂል ለይተው አወጡት። ሥራው ከባድ ነበር፤ በአንዲት ባክቴሪያ ውስጥ ካሉት ሚሊዮኖች ፕሮቲኖች መካከል ሪፕሬሰሩ አሥር ገደማ ብቻ ነው። ሲገኝ ታዲያ አርኤንኤ አልነበረም፤ ፕሮቲን ነው። በ1967 ደግሞ እዚያው ሃርቫርድ ማርክ ፕታሽኒ የሌላ ሪፕሬሰር፣ የባክቴሪያ ቫይረስ የሆነውን፣ ወስዶ በቀጥታ ዲኤንኤ ላይ እንደሚጣበቅ አሳየ።

ፕሮቲን እንዴት አድርጎ ቦታውን ያውቃል? የዲኤንኤን ጠመዝማዛ መሰላል አስቡት። በጎኑ ሁለት ቦዮች አብረውት ይጠመዘዛሉ፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። የፊደሎቹ ጠርዝ በሰፊው ቦይ በኩል ይነካል። ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ፕሮቲኖች ትንሽ ጥምዝ ክፍላቸውን እዚያ ቦይ ውስጥ ያስገባሉ። መሰላሉን ሳይከፍቱ የፊደሎቹን ቅደም ተከተል በዳሰሳ ያነባሉ ማለት ይቻላል። የሚስማማቸውን ቅደም ተከተል ሲያገኙ አጥብቀው ይይዛሉ። ላክቶስ ሲኖር ደግሞ ከላክቶሱ የሚገኝ ስኳር ሪፕሬሰሩ ላይ ይጣበቅና ቅርጹን ይለውጠዋል፤ ይዞት የነበረው ይላላና ይለቃል። ጂኑ ይነበባል፣ ኢንዛይሙ ይሠራል፣ ላክቶሱ ተበልቶ ያልቃል፤ ሪፕሬሰሩም ወደ ቦታው ይመለሳል። ቤታችሁ ሮቶ ካለ ውስጡ ያለችውን ተንሳፋፊ ኳስ አስታውሱ። ውሃው ሲሞላ ራሷ ትዘጋለች፣ ሲጎድል ራሷ ትከፍታለች፤ ሰው ቆሞ አይጠብቃትም።

በቡና ዛፍም በእኛም ሴል ውስጥ ነገሩ በጣም ይበዛል። የሚከለክሉ ብቻ ሳይሆኑ ንባቡን የሚያስጀምሩና የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖችም አሉ። የሰው ልጅ ወደ 20,000 ገደማ ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖች አሉት፤ ከነዚህ ውስጥ ወደ 1,600 የሚሆኑት የሚሠሩት ዲኤንኤ ላይ ተጣብቀው የሌሎችን ጂኖች ንባብ የሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖችን ነው። የቡናው ቅጠል ከሥሩ የሚለየው እንግዲህ በየትኛው ጂን እንደሚነበብና መቼ እንደሚነበብ ነው።

አሁን ወደ ቡናችን እንምጣ። በ1964 እና 65 በፋኦ የተላከ ቡድን በከፋና በሌሎች የቡና አካባቢዎች እየዞረ ዘር ሰበሰበ። ያን ጊዜ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ከተሰበሰበው ዘር ከፊሉ ኮስታ ሪካ ተተከለ፤ ከዚያም በ1973 አልሲዴስ ካርቫልዮ የተባሉ ተመራማሪ ወደ ብራዚል ወሰዱት። ከብዙ ዓመት በኋላ ካምፒናስ ያሉ ሳይንቲስቶች ከኢትዮጵያ የመጡ 3,000 ያህል ዛፎችን አንድ በአንድ ለኩ። በሦስቱ ዛፎች ፍሬ ውስጥ ካፌይን ከሞላ ጎደል አልነበረም። በተለመደው ቡና አንድ ግራም ላይ 12 ሚሊግራም ገደማ አለ፤ በነዚህ ግን 0.76 ብቻ። ውጤቱ በ2004 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ወጣ፤ ዛፎቹም በካርቫልዮ ስም መነሻ ፊደሎች ተጠሩ።

ምን ሆነው ነው? የቡና ዛፍ ካፌይንን በደረጃ ነው የሚሠራው። ከመጨረሻው ደረጃ በፊት ያለው ቴኦብሮሚን ይባላል። በነዚህ ዛፎች ውስጥ የተከማቸው ቴኦብሮሚኑ ነው፤ የመጨረሻው እርምጃ ተቋርጧል። በ2009 የወጣ ጥናት ምክንያቱን ሲፈልግ ድርብ ነገር አገኘ። አንደኛ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ጂኖች ንባብ ቀንሷል። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ጂን ፊደል ራሱ ተለውጦ ኢንዛይሙ ቁልፍ ቦታው ላይ ተቀይሯል፤ ከቅጂዎቹም መካከል ጎደሎ አለ። ተመራማሪዎቹ የካፌይኑ መጥፋት የሁለቱ ድምር ሳይሆን አይቀርም አሉ። ጂኑ መኖሩን ብቻ ያየ ሰው ግን ዛፉ እንደ ሌላው ቡና ነው ብሎ ያልፈው ነበር።

ይሄ ለእናንተ ለምን ይጠቅማል? የቡና ዘር እንደ ጤፍ ደርቆ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት አይቆይም፤ በሕይወት የሚቆየው ዛፍ ሆኖ ነው። ለዚህ ነው በጅማ ዞን ጮጬ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የቡና ዓይነቶች በማሳ ተተክለው የሚጠበቁት። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባም መፍትሔ የተገኘው ከዚሁ ልዩነት ነው። ከጅማ ወጣ ብሎ ያለው የሜልኮ ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መረጠ። ገበሬው ዛሬም 74110 እና 74112 እያለ ይተክላቸዋል፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። ጫካው በተመነጠረ ቁጥር የሚጠፋው እንጨት ብቻ አይደለም፤ ማንም ገና ያልለካው የንባብ ልዩነትም አብሮ ይሄዳል።

ካፌይን አልባዎቹ ዛፎች ዘራቸው ከዚህ ነው የሄደው። ጥያቄው የተጠየቀው ግን ካምፒናስ ላይ ነው። በ2006 ኢትዮጵያ ዘሯ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ፣ ከጥቅሙም ሕዝቡ እንዲካፈል አዋጅ አውጥታለች። ጥሩ ነው። ግን 3,000 ዛፍ አንድ በአንድ የሚለካ፣ የትኛው ጂን መቼ እንደሚነበብ የሚጠይቅ ሰው ካልኖረ አዋጁ ብቻውን ምን ያደርጋል? ያን ሰው እንዲሆን የምንጠብቀው ደግሞ አሁን ይህን ከምታነቡት መካከል ነው።