የዘፈን ቅጂና ኢኮኖሚያዊ ውጤቱ

ዘፈን በካሴት በሚባዛበት ዘመን የድምፁ ጥራት ከቅጂ ወደ ቅጂ እየደከመ ይሄድ ስለ ነበር፣ ያለፈቃድ ማባዛቱ በራሱ ገደብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ ግን ድምፅን በቁጥር መልክ ስለሚይዝ፣ ሺኛው ቅጂ ከመጀመሪያው አይለይም። በጀርመን የፍራውንሆፈር ተቋም ባለሙያዎች ዋነኛ ተሳትፎ የዳበረው ኤምፒ3 ደግሞ የዘፈኑን መጠን ወደ ዐሥር እጅ ገደማ በማሳነሱ፣ ቅጂው በስልክ መስመር ለመጓዝ በቃ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ሾን ፋኒንግ የተባለ የ18 ዓመት አሜሪካዊ ናፕስተርን አስተዋወቀ። ናፕስተር ዘፈኖቹን ራሱ አያከማችም ነበር፤ ዝርዝራቸውን ይዞ ባለቅጂውን ከፈላጊው ያገናኝ ነበር እንጂ። አሳታሚዎቹ በዚያው ዓመት ከስሰው በ2001 ሥራውን አስቆሙት፤ ልማዱን ግን ማስቆም አልቻሉም።

በ1999 ወደ 14.6 ቢሊዮን ዶላር ይደርስ የነበረው የአሜሪካ የሙዚቃ ቅጂ ሽያጭ በ2014 ከ7 ቢሊዮን በታች ወረደ። ይህን ሁሉ ለያለፈቃድ ማባዛት ብቻ መስጠት ግን ስሌቱን ያዛባል። በነፃ የወሰደ ሁሉ ዋጋ ቢጠየቅ ይገዛ ነበር ማለት አይደለምና። ኦበርሆልዘር-ጊ እና ስትረምፍ በ2007 ባሳተሙት ጥናት ውጤቱ ከምንም የማይቆጠር ነው ሲሉ፣ ሊቦዊትዝ አጥብቆ ተቃውሟቸዋል። ከዚህም ሌላ፣ አፕል በ2003 አንዱን ዘፈን በ99 ሳንቲም ለብቻው መሸጥ ሲጀምር፣ ስለ አንድ ዘፈን ሲል ሙሉ አልበም ይገዛ የነበረው ሰው ከዚያ ግዴታ ተላቀቀ። ይህ ሕጋዊ ንግድ ነው፤ ገቢውን ግን ቀንሷል።

ጉዳቱም በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም። ታዋቂው ድምፃዊ ከመድረክ ይካካሳል፤ መድረክ ላይ የማይወጣው የግጥምና የዜማ ደራሲ ምን ይካስ? ታወር ሪከርድስን የመሰለ ትልቅ የሙዚቃ መደብር እንኳ በ2006 የአሜሪካ ሱቆቹን ዘግቶ ሠራተኞቹን በትኗል። (በኢትዮጵያም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራስያንን መብት ቢያውቅም፣ ስለ ቅጂና ተዛማጅ መብቶች ራሱን የቻለ አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው።)

እንደ ስፖቲፋይ ያሉ በወርኃዊ ክፍያ የሚያስደምጡ ድርጅቶች ከተስፋፉ በኋላ፣ ከ2016 ጀምሮ የአሜሪካ ገበያ እንደገና አደገ። የደራሲዎቹን ድርሻ ወደ ባለቤቱ ለማድረስ ግን ገበያው ብቻውን ስላልበቃ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ2018 የተለየ ሕግ አውጥቶ ክፍያውን ሰብስቦ የሚያከፋፍል አካል እንዲቋቋም አድርጓል።