አቡጊዳ፤ ሕፃናት ከፊደል ወደ ንባብ የሚሻገሩበት ድልድይ

በቤተ ክርስቲያናችን የአብነት ትምህርት የመጀመሪያው ደረጃ ንባብ ቤት ነው። ዜማውም፣ ቅኔውም፣ የመጻሕፍት ትርጓሜውም የሚመጡት ከእርሱ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ንባብ ቤት ሕፃናትን ከፊደል ወደ ንባብ የሚያደርስበትን ሥርዓት፣ በተለይም በአሁኑ ጊዜ በብዙ ቦታ እየተዘለለ የመጣውን አቡጊዳን እንመለከታለን።

ትምህርቱ የሚጀምረው በፊደል ቆጠራ ነው። ሕፃኑ ገበታውን ይዞ በየኔታ ወይም ቀድሞት በገባ ተማሪ ፊት ይቀመጣል፤ ፊደሉን በስንደዶ እየነካም «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ይላል። የግእዝ ፊደላት 26 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በ7 ድምፅ ሲነገሩ 182 ይሆናሉ። ዲቃላ የሚባሉት ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ ከነዝርዝራቸው 20 ይጨምራሉ። አማርኛ ደግሞ እነ ሸን፣ ቸን፣ ኘን እና ጨን ያክላል። ብዛቱ ለሕፃን አእምሮ የሚከብድ ቢመስልም ቅርጹ ራሱ ያግዛል። ሉ፣ ቡ እና ሱ ከወገባቸው በቀኝ በኩል፣ ሊ፣ ቢ እና ሲ ደግሞ ከእግራቸው ቅጥያ ያወጣሉ፤ ሌ፣ ቤ እና ሴ ከእግራቸው ቀለበት ያበጃሉ። ሩ እና ሪ ከዚህ ሥርዓት ይወጣሉ። ሳድሱም አንድ ወጥ ቅርጽ ስለሌለው ሕፃናት ከሁሉ ይልቅ የሚሳሳቱት በእርሱ ነው።

ዋናው ችግር የሚታየው ቆጠራው ካለቀ በኋላ ነው። ሕፃኑ ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዜማ ይወጣዋል፤ ወላጆችም ልጃችን ፊደል ለየ ብለው ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ስንደዶውን ከገበታው መካከል አንሥተን ድንገት «ኔ» ላይ ብናሳርፈው፣ ብዙው ልጅ «ነ፣ ኑ፣ ኒ፣ ና» ብሎ ከመነሻው ቆጥሮ ነው የሚደርስበት። ይህ ልጅ ያወቀው ተራውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። ጉዳዩ የንባብ ቤት ብቻም አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገው የንባብ ምዘና፣ 2ኛ ክፍል ደርሰው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ ያልቻሉ በርካታ ሕፃናት መኖራቸውን አሳይቷል።

የቀደሙት መምህራን ይህን ስለተረዱ ገበታውን ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራም ያስቆጥራሉ። ከዚያም አቡጊዳን ያስይዛሉ። አካሄዱ እንዲህ ነው፦

አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ
በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ
ገ ዱ ሂ ዋ ዜ ሕ ጦ

በሀ ሁ ቆጠራ ፊደሉ ባለበት ቆሞ ድምፁ ብቻ ይለዋወጣል። በአቡጊዳ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ፤ አ በግእዝ፣ በ በካዕብ፣ ገ በሣልስ፣ ደ በራብዕ፣ ሀ በኃምስ፣ ወ በሳድስ፣ ዘ በሳብዕ ይነገራሉ። ቀጣዩ መስመር ከበ ይነሣል፤ እንዲህ እያለ ፊደል ሁሉ በሰባቱም ድምፅ ይዳረሳል። በለመደው ዜማ ሊንሸራተት የማይችለው ሕፃን እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው አይቶ መለየት ግድ ይሆንበታል። የአ፣ በ፣ ገ፣ ደ ቅደም ተከተልም ያለ ምክንያት የተመረጠ አይደለም። ልጁ ዳዊት ሲደግም በመዝሙር 118 ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ የሚሉትን የዕብራይስጥ ፊደላት ስሞች በዚሁ ተራ ያገኛቸዋል። (የቋንቋ ሊቃውንትም እንደ ግእዝ ያለውን የአጻጻፍ ዓይነት ዛሬ «አቡጊዳ» ብለው የሚጠሩት ከእኛው ቃሉን ወስደው ነው።)

እርግጥ ነው፣ አቡጊዳም ቢሆን በቃል ሊሸመደድ ይችላል። ስለዚህ ሕፃኑ ከገበታ ወደ መጽሐፍ ይሻገራል፤ የመጀመሪያውም መልእክተ ዮሐንስ ነው። በመጀመሪያ በግእዝ ንባብ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየ ይጠራል፤ በውርድ ንባብ ፊደላቱን ወደ ቃል ያያይዛል፤ በቁም ንባብ ደግሞ ተነሹን፣ ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን ጠብቆ ሳይሰናከል ያነባል። በመጨረሻ ዳዊት ይደግማል፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ቤተሰብም እንደ አቅሙ ይደግሳል።

መጽሐፉ ግእዝ መሆኑ በአንድ በኩል ይጠቅማል። ሕፃኑ የቃሉን ትርጉም ስለማያውቅ በግምት ሊያልፈው አይችልም፤ የተጻፈውን ማንበብ ብቻ ነው ያለው። በሌላ በኩል ግን ትርጉሙን ሳይሰማ ዓመት ሁለት ዓመት የሚያነብ ልጅ ማንበብ ማለት ድምፅ ማሰማት ብቻ ይመስለዋል። ስለሆነም ከመልእክተ ዮሐንስ ጎን ለጎን ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ አጫጭር ንባብ ቢሰጠው መልካም ነው እንላለን። አማርኛ የራሱ ፈተናዎች አሉት። «ምስክር» በሚለው ቃል ውስጥ አራቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ የትኛው ድምፅ እንደሚሰጥ፣ የትኛው እንደሚዋጥ ጽሕፈቱ አይናገርም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ ማለት ነው፤ ይህንንም ልጁ የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው።

ስለ ሞክሼ ፊደላትም ጥቂት እንበል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በዛሬው አነጋገር ስለማይለያዩ «ለሕፃናት ሸክም ናቸው» የሚሉ አሉ። ንባብ ቤት ግን ለየፊደሉ ስም በመስጠት ሸክሙን አቅልሎታል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ስሙ ራሱ ፊደሉ ያለበት ቃል ስለሆነ ልጁ አጻጻፉን ከስሙ ጋር ይይዘዋል። ልዩነቱም ከንቱ አይደለም። በግእዝ ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ሌባ ሆነ ማለት ነው፤ ሠዐለ ሥዕል ሣለ፣ ሰአለ ለመነ፤ መሐረ ይቅር አለ፣ መሀረ አስተማረ።

በጥንቱ ሥርዓት የጎደለውን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም፤ እርሱም ጽሕፈት ነው። ቁም ጽሕፈት ብራና ለሚፍቁና ቀለም ለሚበጠብጡ ጸሐፍት የተለየ ሙያ ስለነበር፣ ዳዊት ደግሞ ስሙን መጻፍ የማይችል ልጅ ብርቅ አልነበረም። አሁን ደብተርና እርሳስ በየቤቱ አለ። በሰንበት ትምህርት ቤት የአቡጊዳን አንድ መስመር ያነበበ ልጅ ያንኑ መስመር ሳያይ በቃል ተነግሮት ቢጽፍ፣ የቱን ፊደል እንደያዘና የቱ እንዳመለጠው በግልጽ ይታያል።

በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆች ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ጆሯቸው ሌላ ቋንቋ ስለለመደ ቀን ከከ፣ ጠን ከተ፣ ጰን ከፐ ለመለየት ይቸገራሉ፤ ጆሮ ያልለየውን እጅ ለይቶ አይጽፍም። ለእነዚህ ልጆች ገበታውን ከመዘርጋታችን በፊት «ጣለ» እና «ታለ»፣ «ቀረ» እና «ከረ» እያልን በድምፅ ብቻ ብናለማምዳቸው ይሻላል፤ ቃሉ ትርጉም ባይኖረውም ግድ የለም። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሰማው ጠ ከሆነ ቀኝ እጁን፣ ተ ከሆነ ግራ እጁን ያነሣል። ሳይሳሳት ማንሣት ሲጀምር ስንደዶውን ልንሰጠው እንችላለን።